የፔስሜከር ሽቦ ልብ ላይ በምን ይያዛል? ለአስታማሚ የሚሆን መመሪያ

እናታችሁ ወይም አባታችሁ «የልብ ምት በጣም ቀንሷል፣ ፔስሜከር ያስፈልጋል» ተብለው ሪፈር ተጽፎላቸዋል እንበል። ፔስሜከር ምቱ የዘገየን ልብ በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅስ ትንሽ መሣሪያ ነው። ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ልትሄዱ ነው። ቤተሰብ ሲሰበሰብ የሚጠየቀው ሁሌም ስለ ባትሪው ነው። ስንት ዓመት ይቆያል? ስንት ብር ነው? ሞባይል ይከለክላል ወይ? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ግን አንድ ትልቅ ጥያቄ ይቀራል። ከባትሪው ተነስቶ ልብ ውስጥ የሚገባው ሽቦ፣ ጫፉ የሚያዘው በምንድን ነው?

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ችግር ከመጣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሽቦው በኩል ነው። ደረት ላይ ያለው ስፌት በ2 ሳምንት አካባቢ ይድንና ሁሉም ሰው «አሁንማ ተሽሏቸዋል» ብሎ ይዘናጋል። ልብ ውስጥ ያለው ቁስል ግን ገና ነው። ጠባሳ ሠርቶ ሽቦውን አጥብቆ እስኪይዝ 6 ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ያንን ጊዜ ቤት ሆኖ የሚጠብቀው አስታማሚ ስለሆነ ነው ይህን ለእናንተ የጻፍኩት።

መጀመሪያ ዕቃውን እወቁት

ነገሩ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ባትሪውና ትንሿ ኮምፒውተር አብረው የታሸጉበት የቲታኒየም ቁራጭ ነው። ብዙውን ጊዜ በግራ በኩል፣ ከትከሻ ዝቅ ብሎ ከቆዳ ሥር ይቀበራል። ሌላው ሽቦው ነው፤ ሐኪሞቹ «ሊድ» ይሉታል። ትከሻ አካባቢ ባለ ደም ስር ይገባና ወደ ቀኙ የልብ ክፍል ይወርዳል። ሽቦው አንድ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በታችኛው ክፍል ነው፤ ሁለት ከሆኑ ሌላኛው ላይኛው ክፍል ላይ ይሆናል። ደረት አይከፈትም። ሙሉ ማደንዘዣም ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፣ ቦታው ብቻ ይደነዝዛል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1958 ስቶክሆልም ውስጥ ለአርኔ ላርሶን የመጀመሪያው ሰውነት ውስጥ የሚቀበር ፔስሜከር ሲገጠም፣ ደረቱ ተከፍቶ ሽቦው ከልቡ ጡንቻ ጋር ተሰፋ። ያ መሣሪያ የሠራው ለሰዓታት ብቻ ነው። ሰውየው ግን መሣሪያ እየተቀየረለት እስከ 2001 ኖሯል፤ ሲሞት 86 ዓመቱ ነበር። ለፈራ ታካሚ ይህን ንገሩት።

ሁለቱ አያያዞች፣ ልብ ላይ የሚያደርጉትም

አንደኛው ባለ ጥርስ ሽቦ ነው። ጫፉ ላይ ከሲሊኮን የተሠሩ ጥቂት ለስላሳ ጥርሶች አሉት። የቀኙ ታችኛው የልብ ክፍል ውስጡ ለስላሳ ግድግዳ አይደለም፤ የጡንቻ ዘንጎች እርስ በርስ እየተሻገሩ መረብ ሠርተውበታል። ሽቦው ሲገፋ ጥርሶቹ እዚያ መረብ ውስጥ ይሸጎጣሉ። ጡንቻውን አይወጋም። ልብ ላይ የሚያደርሰው ነገር በዋናነት ጫና ነው። ባዕድ ነገር ስለሆነም ሰውነት ቀስ በቀስ በጠባሳ ይሸፍነዋል።

ጉዳቱ ሲገባ ቀላል ስለሆነ ሁሉም ሰው ይሄኛውን የሚመርጥ ይመስላል። ግን ገደብ አለበት። መረብ ባለበት ቦታ ብቻ ነው የሚይዘው። ልቡ የሰፋ ወይም ውስጡ የሳሳ ሰው ላይ ሊንሸራተት ይችላል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ በኢንፌክሽን ምክንያት ይውጣ ቢባል፣ ጥርሶቹ ጠባሳ ውስጥ ተቀብረው ስለሚገኙ ማውጣቱ ከባድ ነው።

ሁለተኛው ባለ ጠመዝማዛ ሽቦ ነው። ጫፉ የጠርሙስ ቡሽ መክፈቻ ይመስላል፣ ግን በጣም ትንሽ ነው፤ ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። በብዙዎቹ ላይ ጠመዝማዛው ደም ስር ውስጥ ሲያልፍ ተደብቆ ይቆያል። ቦታው ሲደርስ ሐኪሙ በውጭ በኩል ያለውን የሽቦ ጫፍ ሲያዞር ይወጣና ጡንቻ ውስጥ ይገባል። ጥቅሙ ሐኪሙ በፈለገው ቦታ ማሰር መቻሉ ነው፤ በሁለቱ የታችኛው ክፍሎች መሀል ያለው ወፍራም ግድግዳ ላይ ቢሆን፣ ላይኛው ክፍል ላይም ቢሆን። ከዚህ በፊት የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መውጣት ካለበትም ጠመዝማዛው ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል ከባለ ጥርሱ ይቀላል።

ግን ይወጋል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚፈራውም የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው።

ጠመዝማዛው ሲገባ የነካቸውን የጡንቻ ሴሎች ይጎዳል። ወዲያው በልብ ኤሌክትሪክ ንባብ ላይ አንድ ከፍታ ይታያል፤ የጉዳት ምልክት ነው። የሚገርመው ሐኪሙ ይህን ምልክት ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ምልክቱ ከሌለ ጫፉ ሕያው ጡንቻ አልያዘም ብሎ ይጠረጥራል። በዚያች ቅጽበት ልብን ለመቀስቀስ የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ ኃይል ከፍ ብሎ ይገኛል። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ግን ይወርዳል። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ድንገት ዝምታ ከሆነና ሁሉም ስክሪን ላይ ካፈጠጠ ታካሚው እንዳይደነግጥ አስቀድማችሁ ንገሩት። ቁጥሩ እስኪረጋጋ እየጠበቁ ነው።

ከዚያ በቀጣዮቹ ቀናት ቦታው ያብጣል። በቀጣዮቹ ሳምንታት የሚያስፈልገው ኃይል እንደገና ከፍ ይላል፣ ከዚያ ጠባሳው ሲጠነክር ወርዶ ይረጋጋል። ይህ ውጣ ውረድ በሁለቱም ዓይነት ሽቦ ላይ አለ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ብዙ ሽቦዎች ጫፋቸው ላይ ዴክሳሜታሶን የሚባል ስቴሮይድ በትንሹ ይዘው ይመጣሉ። መድኃኒቱ እዚያው ቦታ ላይ ቀስ እያለ ይለቀቅና እብጠቱን ይቀንሳል። ከመጠኑ አንጻር ስኳር ያባብሳል ብላችሁ አትጨነቁ፤ ከ1 ሚሊ ግራም ያነሰ ነው።

የመበሳት ጉዳይስ? የቀኙ ታችኛው ክፍል ውጫዊ ግድግዳ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ላይኛው ክፍል ከዚያም ይሳሳል፣ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ። ስለዚህ ጠመዝማዛው የት እንደገባ፣ ከኋላው ሽቦው ምን ያህል እንደተገፋ፣ ስንት ጊዜ እንደዞረ ሁሉ ለውጥ ያመጣል። ልብን በስቶ መውጣት የሚያጋጥመው ከ100 ሰው ከ1 ባነሰ ነው። ግን አደጋው የሚጨምርባቸው ሰዎች አሉ፦ በዕድሜ የገፉ፣ በጣም የከሱ፣ በተለይ ሴቶች፣ በቅርቡ ፕሬድኒሶሎን የመሰለ ስቴሮይድ የወሰዱ፣ ከዚህ በፊት ጊዜያዊ ሽቦ ገብቶላቸው የነበሩ። እናታችሁ 40 ኪሎ የማይሞሉ ከሆኑና ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ስቴሮይድ ሲወስዱ ከከረሙ ማንም ሳይጠይቃችሁ ተናገሩ።

ሦስተኛ ማሰሪያም አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሽቦው ወደ ደም ስር ከሚገባበት አጠገብ በትንሽ የጎማ እጅጌ ላይ በክር ተጠምጥሞ ከደረት ጡንቻ ጋር ይታሰራል። ክንድ ከመጠን በላይ ሲነሳ የሚጎተተው መጀመሪያ ይሄ ነው።

ስለ አዳዲሶቹም ባጭሩ። ሽቦ የሌለው፣ ሙሉ በሙሉ ልብ ውስጥ የሚቀመጥ ፔስሜከር አለ፤ ማይክራ የሚባለው በአራት ቀጫጭን የብረት መንጠቆዎች ጡንቻውን ይይዛል፣ አቬየር ደግሞ በጠመዝማዛ። ሌላው ሽቦውን መሀል ግድግዳው ውስጥ ጠልቆ እንዲገባ አድርጎ የልብን የራሱን የኤሌክትሪክ መስመር መቀስቀስ ነው። ይህ የመጣው ለዓመታት ከቀኙ ጫፍ ብቻ ሲቀሰቀስ የአንዳንድ ሰው ልብ ስለሚደክም ነው። ከተነሳላችሁ ጠይቁ፤ ከሌለ ግን ይህን ፍለጋ ሕክምናውን አታዘግዩ። ልቡ በደቂቃ 30 የሚመታ ሰው ቀጠሮ እያራዘመ መቀመጥ የለበትም።

ከመሄዳችሁ በፊት

የሚወሰዱትን መድኃኒቶች በሙሉ በከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። ስማቸውን በቃል አትያዙ፤ ካርቶኑን ያዙ። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ ካለ በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ሐኪሙ ይወስን። ትኩሳት፣ የጥርስ መግል፣ የእግር ቁስል ካለ ሳይደበቅ ይነገር፤ ኢንፌክሽን ካለ ከተቻለ አስቀድሞ መታከም አለበት።

ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ሸሚዝ ወይም ቀሚስ አዘጋጁ። በጭንቅላት የሚገባ ልብስ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ክንድ ያስነሳል። ታካሚው ግራኝ ከሆነም ተናገሩ፣ መሣሪያው በቀኝ በኩል ሊገጠም ይችላል።

ከዚያ ሐኪሙን ጠይቁ። ሐኪም ፊት አንደበት ይተሳሰራል፣ አውቃለሁ። ወረቀት ላይ ጻፉትና አንብቡት፦

«ዶክተር፣ ሽቦው የሚያያዘው በጥርስ ነው በጠመዝማዛ? ለምን ያን መረጡ?»
«ጫፉ መድኃኒት አለው?»
«የት ቦታ ላይ ነው የሚያስቀምጡት?»
«ስንት ሽቦ ነው?»
«እናታችን ስቴሮይድ ይወስዳሉ፣ ክብደታቸውም ትንሽ ነው፤ የሚለወጥ ነገር ይኖራል?»

አንድ ነገር ግን በግልጽ እናገራለሁ። እኛ አገር ፔስሜከር ብዙ ጊዜ የሚገኘው በእርዳታ ነው፤ ያለው ዓይነት አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያኔ ጥያቄው ምርጫ ለማግኘት ባይሆንም ይጠቅማል። የትኛው እንደገባ ካወቃችሁ ከዚያ በኋላ ምን ምን ምልክት መጠበቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። ከሁለቱ አንዱ ለሁሉም ሰው ይበልጣል የሚል ካለ አትመኑት። ዛሬ ዛሬ ባለ ጠመዝማዛው በብዛት ይገጠማል፤ በደንብ በሠለጠነ እጅ ሁለቱም ይሠራሉ።

ቀዶ ሕክምናው ላይ ታካሚው ምን ያደርጋል?

ነቅቶ ስለሚተኛ ሥራ አለው። ሽቦው ከታሰረ በኋላ «በረጅሙ ይተንፍሱ»፣ «ይሳሉ» ይባላል። ሽቦው በእንቅስቃሴ ይነቀል እንደሆነ እየተፈተነ ነውና በደንብ ይሳሉ፣ አይፈሩ። ከዚያ ለጥቂት ሰኮንድ በከፍተኛ ኃይል፣ በ10 ቮልት ይሞከራል፤ ድያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) ወይም ሆድ አብሮ ትር ትር ቢል ወዲያው ይናገሩ። ያን ጊዜ ቦታ መቀየር ቀላል ነው። ነገ ከባድ ነው።

ሲጨርሱ ሪፖርት ይጻፋል። ቁጥሮቹን ስታዩ እንዳይጨልምባችሁ፣ ለታችኛው ክፍል ሽቦ ልብን የሚቀሰቅሰው ኃይል 1 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ይወደዳል፤ ጠመዝማዛው ገና እንደገባ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ሽቦው የልብን የራሱን ምት የሚሰማበት መጠን ቢያንስ 5 ሚሊ ቮልት፣ የሽቦው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ደግሞ ከጥቂት መቶዎች እስከ 1,000 ኦም አካባቢ ነው። እነዚህን መተርጎም የሐኪሙ ሥራ ነው፤ የእናንተ ሥራ ወረቀቱን አለመጣል ነው። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ከሆስፒታል ሳትወጡ ሁለት ነገር ተሠርቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፦ የደረት ራጅና የመሣሪያው ምርመራ። ራጁ ሽቦው የት እንዳለ፣ ሳንባ አካባቢም አየር አለመግባቱን ያሳያል። ራጁንም ጠይቃችሁ ያዙት። ነገ ሐዋሳ ላይ የማዞር ስሜት ቢመጣ ሐኪሙ አዲሱን ራጅ ከምን ጋር ያወዳድረዋል?

ወደ ሐዋሳ ስትመለሱ

ሽቦ ብዙ ጊዜ የሚንሸራተተው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ካላችሁ ጥቂት ቀን ማደር ጥሩ ነው፤ 275 ኪሎ ሜትር ሄዶ በማግስቱ መመለስ ለሰውም ለኪስም አይበጅም። መኪና ውስጥ ቀበቶ ይታሰር። ቁስሉ ላይ ካረፈ የታጠፈ ነጠላ በመሀል አድርጉበት። ቀበቶ ይቅር ማለት ስህተት ነው። ከመናኸሪያ ቤት ባጃጅ የምትይዙ ከሆነ ታካሚው በግራ እጁ ብረቱን ጨብጦ አይንጠልጠል።

6 ሳምንቱ

ደንቡ አጭር ነው። በተገጠመበት በኩል ክርን ከትከሻ በላይ አይነሳ፤ ከ5 ኪሎ የሚበልጥ ነገር በዚያ እጅ አይያዝ። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፣ አስቡት።

እኛ ጋ ይህ ማለት ብዙ ነገር ነው። ቡና በሙቀጫ መውቀጥ ይቁም፤ በቀኝ እጅ ቢመቱም ደረቱ ሁሉ ይናወጣል። እንሰት መፋቅ ጨርሶ አይነካ። የልጅ ልጅ ማዘልና ብድግ አድርጎ ማቀፍ ይቆይ፤ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ ያስቀምጡት። ፀጉር ሌላ ሰው ይሥራላቸው። ጸሎት ቤት ሄደው ሁለት እጅ ወደ ላይ ዘርግተው የሚያመልኩ እናት ካሏችሁ፣ ለነዚህ ሳምንታት ቀኙን ብቻ ያንሱ ብላችሁ በፍቅር አስረዷቸው። ስግደት የሚሰግዱም ግራ እጃቸውን ተደግፈው አይነሱ፤ ወንበር ላይ ሆነው ማድረስ ይቻላል። ጸበል መጠመቅ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ ይቆይ። ቁስሉ በሐኪም ትእዛዝ ካልሆነ አይርጠብ፣ ምንም ዓይነት ቅጠል ወይም ቅባት አይደረግበት።

በሌላ በኩል ክንዱን ጠቅልሎ አስሮ ማስቀመጥም ጥፋት ነው። ትከሻ ይደርቃል፤ ያ ሕመም ከቀዶ ሕክምናው ሊብስ ይችላል። ከትከሻ በታች ያለው እንቅስቃሴ ሁሉ ይፈቀዳል፦ መብላት፣ መታጠብ፣ ልብስ መቆለፍ፣ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር በእግር መሄድ።

አንድ ልማድ ደግሞ ከለክላለሁ። ከቆዳ ሥር ያለውን ብረት በጣት እያገላበጡ መነካካት። ብረቱ በዞረ ቁጥር ሽቦው ይጠቀለላል፣ ከዚያም ጫፉን ነቅሎ ያወጣዋል።

መቼ ትሮጣላችሁ?

ከመገጠሙ በፊት የነበረው ማዞር ወይም ራስ መሳት ከተመለሰ ሽቦው ተንቀሳቅሷል ብላችሁ ጠርጥሩ። የማያቋርጥ ስቅታ ወይም ከምት ጋር የሚሄድ የሆድ ትርታ ካለ ሽቦው ድያፍራምን እየነካካ ይሆናል፤ የመበሳትም ምልክት ሊሆን ይችላል። በረጅሙ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ላብና ድካም ከመጡ ደግሞ ደም በልብ ሽፋን ውስጥ እየተጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል ነገ አይባልም። ይህ ከሳምንታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ክንድ ማበጥ፣ ቁስሉ መቅላት፣ መግል፣ ትኩሳትም እንደዚሁ።

የልብ ምት መቁጠር ተማሩ። ሪፖርቱ ላይ ዝቅተኛው ምት ተጽፏል፣ ብዙ ጊዜ 60 ነው። የእጅ ደም ስር ላይ ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሩ። ደጋግሞ ከዚያ በታች ከሆነ ሐኪም ይየው።

አዲስ አበባ ድረስ እንሂድ ብላችሁ መንገድ ላይ ጊዜ አታጥፉ። መጀመሪያ ሐዋሳ ያለው ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግቡ። እንደገባችሁ «ፔስሜከር በዚህ ቀን ተገጥሞላቸዋል፣ ሽቦው ባለ ጠመዝማዛ ነው» በሉ። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ንባብ)፣ ራጅና ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) እንዲታይ ጠይቁ። ቁስሉ ካበጠ ማንም በመርፌ ወግቶ መግል ወይም ደም ልቅዳ እንዳይል፤ ከውጭ የገባ ጀርም ብረቱ ላይ ከተቀመጠ በመድኃኒት ብቻ አይለቅም።

የቀጠሮው ቀን

ብዙ ሰው «ደህና ነኝ» ብሎ የሚቀርበት ቀጠሮ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ያለው ነው። ይሄ ግን የግድ ነው። ሲገጠም መሣሪያው ሆን ተብሎ ከፍ ባለ ኃይል እንዲሠራ ይስተካከላል፤ ያ እብጠት የሚያመጣውን ውጣ ውረድ እንዲሸከም ነው። ጠባሳው ከተረጋጋ በኋላ ሐኪሙ ለክቶ ይቀንሰዋል። ካልተቀነሰ ባትሪው ከ8 እስከ 12 ዓመት መቆየት ሲችል በከንቱ ያልቃል።

የሚለካበት ማሽን በየኩባንያው ይለያያል፤ የአንዱ ኩባንያ ማሽን የሌላውን አያነብም። ስለዚህ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ደውላችሁ «የዚህ ስም ማሽን አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስሙ ሲገጠም በሚሰጣችሁ የፔስሜከር ካርድ ላይ አለ። ካርዱ የመሣሪያውንም የሽቦውንም ሞዴል፣ የተገጠመበትንም ቀን ይይዛል።

ከዓመታት በኋላ ባትሪው ሲያልቅ የሚቀየረው ብረቱ ብቻ ነው፣ ሽቦው ደህና ከሆነ እዚያው ይቀራል። በዚያን ጊዜ ጫፉ ላይ ብቻ ሳይሆን በደም ስሩም ውስጥ ጠባሳ ይዞታል። ከ1 ዓመት በላይ የቆየን ሽቦ ማውጣት ልዩ መሣሪያና ልዩ ሐኪም ይፈልጋል። አዲሱ ብረት ከአሮጌው ሽቦ ጋር እንዲገጥም ሐኪሙ የሽቦውን ሞዴል ማወቅ አለበትና ካርዱን ፎቶ አንስታችሁ ቢያንስ የሁለት ልጆች ስልክ ላይ አስቀምጡት፤ ዋናው ግን ከታካሚው ኪስ አይውጣ።